ጌታው ሳይታጠፍ በፊት

ለአይጥ የሚያለቅስ ሰው የለም፤ ተመራማሪዋ ግን ጌታው ከሞተ ወዲህ እህል በአፏ አልዞረም። አይጡን ጌታው ያለችው፣ የቤቱ ባለቤት ይመስል ሲጎማለል ስለሚውል ነው። አንጎሉ ውስጥ ከፀጉር የቀጠነች ሽቦ ነበረችው፤ አንዲት ሕዋስ በነቃች ቁጥር ድምፅ ማጉያው «ጠቅ» ይላል። ካሜራው ደግሞ በምታሯሩጥበት ሳጥን ውስጥ ባለው መንታ መንገድ ላይ ወዴት እንደሚታጠፍ ይቀርጻል። የድምፁንና የምስሉን ቅጂ ለማገናኘት በሁለቱም ላይ ምልክት የምትተው አንዲት ብልጭ የምትል መብራት አለች። ታዲያ እሷዬዋ፣ ሕዋሷ ጥርት ብላ በተሰማችበት በዚያ በአንዱ ቀን፣ መብራቷን መሰካት ረሳች! ድምፁ ለብቻው፣ ምስሉ ለብቻው ቀረ። መመረቂያዋ ገደል ገባ።

«አይጥ ስታሯሩጪ ከርመሽ ጉድ ሆንሽ!» አለች ልትወስዳት የመጣችው ታላቅ እህቷ፣ ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች። «በይ ተነሺ፣ ቤት እንሂድ።»

«ቆይ እትዬ፣ አንዴ ልስማው።»

የድምፁን ቅጂ ከፈተችው። ኩርሽም ኩርሽም! ጌታው የሽልማት እህሉን ሲቆረጥም መንጋጋው ሽቦዋን እየነቀነቀ የሚያበላሽባት ጫጫታ ነው። ሁልጊዜ እየተራገመች ቆርጣ ትጥለው ነበር። አሁን ግን ብድግ አለች።

«ወይ የኔ ነገር! ሲቆረጥም እኮ ምስሉም ላይ ይታያል!»

የድምፁን ቁርጠማ ከምስሉ ቁርጠማ ጋር አስተካከለችው። ልክክ አለ።

«እትዬ፣ ለምስሉ ጀርባሽን ስጪና ድምፁን ብቻ ስሚ። ጠቅ ጠቅ ካለ ቀኝ፣ ዝም ካለ ግራ በይ።»

«ቀኝ» አለች እህቷ እየሳቀች። ምስሉ ላይ ጌታው ወደ ቀኝ ታጠፈ። «ግራ።» ወደ ግራ። «ቀኝ።» ወደ ቀኝ። እሷ የምትናገረው እኮ ገና መታጠፊያው ጋ ሳይደርስ ነው! ተመራማሪዋ «ልክ ነሽ!» ባለች ቁጥር የእህቷ ሳቅ እየጠፋ ሄደ።

«ቀኝ!»

ጌታው ወደ ግራ ታጠፈ።

ተመራማሪዋ ክው አለች። ያ ሁሉ ልፋት ከንቱ ሊሆን ነው? ምስሉን መልሳ በዝግታ አስኬደችው። ጠቅ ጠቅ ሲል ጌታው መጣ፣ መታጠፊያው ላይ ቆመ፣ አፍንጫውን ወደ ቀኝ ሰደደ። ከዚያ ጠቅታው ጸጥ አለ። ጌታውም ወደ ግራ ዞረ።

እህቷ ለካ ዞራ እያየች ኖሯል።

«አልተሳሳትኩም» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ሐሳቡን ቀይሮ ነው።»

ተመራማሪዋ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«የፈጣሪ ያለህ!» አለች እህቷ፣ ቦርሳዋን መሬት አስቀምጣ ወንበር እየሳበች። «እስቲ ድገሚው።»