የወልቂጤው ምስጢር ጠባቂ

ተናኘወርቅ ከቡታጅራ ወልቂጤ ድረስ በሚኒባስ የተንገላታችው ለማያውቃት ሰው ሆዷን ልትገልጥ ነበር። ቡታጅራማ የት ይወራል? ጠዋት ጨርቅ ሱቋ ውስጥ ብታስነጥስ፣ ከሰዓት መናኸሪያው ጋ "አልጋ ይዛለች" ይባላል።

የሥነ ልቦና አማካሪው ይታገሱ ይባላል። ክራቫት ያሰረ፣ ድምፁ የለሰለሰ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ የሚያዳምጥ ሰው ነው። ከጀርባው ግድግዳ ላይ "እዚህ የተነገረ እዚህ ይቀራል" የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል። እሷም አመነች።

ነገረችው። ባሏ ዱባለ አይመታትም፣ አይሰክርም፤ ሰው ሁሉ የሚያመሰግነው ነጋዴ ነው። ብቻ ካለፈው መስቀል ወዲህ ለብቻቸው ሲሆኑ አንዲት ቃል አይተነፍስላትም። እንግዳ ሲገባ "ተናኜ፣ የኔ ቆንጆ" ይላል፤ እንግዳው ሲወጣ አፉም አብሮ ይዘጋል። ምን አጠፋሁ ብላ ጠይቃ ጠይቃ ደከማት።

"ጎረቤቴ ባሏ ሲሞትባት ቀናሁባት" አለች፣ እንባዋን በእጇ እየጠረገች። "እሷ ቢያንስ ለምን ዝም እንዳላት ታውቃለች።"

ይታገሱ ሶፍት አቀበላት። እስከዚህ ድረስ ባለሙያ ነበር። ቀጥሎ ግን የአገር ቤት አመሉ ተነሳበት።

"ለመሆኑ ባለቤትዎ የማን ልጅ ናቸው?"

አባቱን ነገረችው። አያቱን ጠየቃት፤ መንደሩን ጠየቃት፤ ፊቱ በራ።

"ዱባለ እኮ በእናቴ በኩል የሩቅ አጎቴ ነው! አንቺም የኛው ነሽ!"

"እርስዎ" መባሏ እዚያው አበቃ፤ ምክሩም አብሮ አበቃ። ከዚያ በኋላ ያወራው እሱ ብቻ ነው፤ ስለ ትዕግሥት፣ ስለ ቤተሰብ ክብር፣ ስለ ሴት ልጅ ጨዋነት። ይህንንማ አማቷ እቤቷ ድረስ መጥተው ይግቷት የለ!

"አደራ፣ ለማንም እንዳይነግሩብኝ" አለች ስትነሳ።

"እኔ? ሙያዬ እኮ ነው!"

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሽማግሌዎች መጡ። መሀላቸው ይታገሱ፣ ክራቫቱን አውልቆ ጋቢ ደርቦ። ተናኘወርቅ አፍጥጣ አየችው። ሰውየው ማፈር ቀርቶ ፈገግ አለላት፤ ውለታ የዋለላት መስሎታል።

"ተናኜ፣ የኔ ቆንጆ፣ ወንበር አምጪላቸው እንጂ" አለ ዱባለ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። እንዲህ ያለ ባል ነው የተከሰሰው?

"ልጄ፣ አታናግራትም አሉ" አሉት ጋሽ ተሰማ፣ የሽማግሌዎቹ አንጋፋ።

"እኔ? ተናኜን?" ዱባለ ሳቀ። ሁሉም ሳቁ። ይታገሱ ነገሩ ቀልድ ሆኖ እንዳይቀር ሰጋና፣ በዚያው በለሰለሰ ድምፁ፣ "ቀላል አይደለም አባቶቼ፤ ጎረቤቴ ባሏ ሲሞት ቀናሁባት ብላኛለች" አለ።

ጋሽ ተሰማ አማተቡ። ለምን እንደቀናች የተናገረችውን ግን ይታገሱ አላነሳውም። ያን ቀን ያዳመጣት አንገቱ ብቻ ነበር።

ከዚያ የተመከረችው እሷ፣ ይቅርታ የጠየቀችውም እሷ። ሽማግሌዎቹ በሉ፣ ጠጡ፣ መርቀው ወጡ።

"አየሽ፣ በቀላሉ አለቀ" አላት ይታገሱ በሩ ላይ።

"ሰው መስለኸኝ ነበር" አለችው። አልገባውም፤ እየሳቀ ሄደ።

በሩ ተዘጋ። ዱባለ ከመስቀል ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ለብቻዋ ተናገራት።

"እንድሞት ነው የምትፈልጊው?"

ይህን ድምፅ ስትናፍቅ ትራስ እየነከሰች ከርማለች። አሁን ስትሰማው ተራ ድምፅ ነው፤ ቀጭን፣ የፈራ፣ ለራሱ ብቻ ያዘነ። ለዚህ ነው እንዴ ያን ያህል የተንገበገበችው? ናቀችው። ከአማካሪ ተብዬው እንኳ አብልጣ ናቀችው። ራሷንም ትንሽ ናቀች።

"መልሺልኝ እንጂ!"

"አልፈልግም" አለችው፣ የሱቋን ቁልፍ ከጠረጴዛው ላይ እያነሳች። "ኑር። ግን ብቻህን።"