እስከ ቅዳሜ ይቆይ

አያሌው ሚስቱን ሐኪም ዘንድ ለማድረስ ከላንድማርክ ሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ ቤልትዌይ በሚሉት የቀለበት መንገድ ትራፊክ ሲንፏቀቅ ይሄ አስራ አንደኛ ሳምንቱ ነው። የሚስቱ የሰርክአዲስ እናት አዲስ አበባ ካረፉ ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። ከዚያ ወዲህ ለእሷ ሥራ የለ፣ ምግብ የለ፣ ሶፋው ላይ ተጠቅልሎ መዋል ብቻ። ሰው ሁሉ እናቱን ይቀብራል፤ እሱም ቀብሯል። ከሞተ ጋር አይሞት! ለመሆኑ ሐዘንን የሚያክም ሐኪም ከመቼ ወዲህ ነው የመጣው?

ሐኪሟ ያኔት ልጅ እግር ናት፤ ጥያቄዋ ግን አያልቅም። ዛሬ ጭራሽ፣ "ጋሽ አያሌው፣ እርስዎም ይግቡ" አለችው። ለፓርኪንግ ሃያ ደቂቃ የዞረ ሰው እየተነጫነጨ ገብቶ ተቀመጠ።

"የባለቤትዎ የቤት ሥራ መርዶ የሰሙበትን ሳምንት በየቀኑ ጮክ ብሎ መተረክ ነበር። አልሠሩም።"

"እኔ ነኝ በቃ ያልኳት! ሐዘንተኛ ማጽናናት ነው እንጂ ቁስል መነካካት ምን የሚሉት ሕክምና ነው? እንባዋ ቢመጣስ?"

"መቼ መጣና? አንድ ቀን አልቅሰው አያውቁም እኮ።"

መርዶውን ያሰናዳው አያሌው ነበር። አማቱ ያረፉት ማክሰኞ፣ ሰው ከሥራ የሚያርፈው ቅዳሜ። "እስከ ቅዳሜ ይቆይ" ብሎ ዘመዱን ሁሉ አፋችሁን ያዙ አለ። ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ሠላሳ ሰው በር ላይ ቆመ። ሴቶቹ ደረት ሲመቱ ሰርክአዲስ ወንበር ታቀብል ነበር። "ጠንካራ ናት" ተባለላት።

"ይንገሯቸው" አለች ያኔት ወደ ሰርክአዲስ ዞራ።

ሰርክአዲስ ቀና አለች። "ሐሙስ ዕለት ሥራ ቦታ ብሬክ ላይ እማዬ ጋ ስምንት ጊዜ ደወልኩ። ስጠይቅህ፣ ኔትወርክ ነው፣ ቆይተሽ ሞክሪ አልከኝ። ማታም ሞከርኩ። አጠገቤ ቁጭ ብለህ ነበር።"

"ታዲያ ብቻሽን እንድትረጂ ነው? ወዳጅ ዘመድ ሳይሰበሰብ ማን ተረድቶ ያውቃል? ወግ ነው!" ብሎ ጮኸ።

"ወጉን አልጠላሁም። እኔ ግን እስካሁን እየደወልኩ ነው። ዛሬን ሐሙስ አድርገውና ንገረኝ።"

አያሌው ተቆጣ፤ ቲያትር ነው አለ፤ የፓርኪንጉ ሰዓት ሊያልቅ ነው አለ። እሷ ዓይኗን አልነቀለችለትም። እንደዚያ ሐሙስ ፈራ፤ ሠላሳ ሰው የሰበሰበውም ለወጉ ብቻ ሳይሆን እሱው ራሱ ብቻውን መንገር ፈርቶ ነበር።

"ሰርኬ፣ አትደውዪ" አላት በመጨረሻ። "እናትሽ ማክሰኞ አርፈዋል።"

ሰርክአዲስ "እማዬን!" ብላ ድምጿን ለቀቀችው። ብዙ አለቀሰች። ትንፋሿ ሲመለስ እጁን ያዘችና፣ ዓመት ከሁለት ወር ሙሉ አንድም ጊዜ ያልጠየቀችውን ጠየቀችው።

"በምን ሞተች?"