የገጹ የመጨረሻ መስመር

ሁለቱ ሴት ልጆቼ ቫዮሊን ሲጫወቱ የሚያነቡት ከአንድ ኖታ ነው። የኦርኬስትራ ወግ እንዲህ ነው አሉ፦ ሁለት ሁለት ሆነው ይቀመጡና ገጹ ሲያልቅ በውስጥ በኩል ያለችው መጫወቷን ትታ ትገልጣለች፣ በውጭ በኩል ያለችው ትቀጥላለች። ታላቋ ሁልጊዜ በውጭ፣ ታናሿ ሁልጊዜ በውስጥ። እቤትም እንደዚያው። እኔ እናታቸው "ጎሽ!" ከማለት በቀር ምኑን አውቄው።

ዘንድሮ የወጣት ኦርኬስትራ ተጫዋቾች ዓለም አቀፍ ውድድር ወደ ከተማችን መጣ። ትምህርት ቤታቸው አንድ ቫዮሊን ተጫዋች ብቻ እንዲልክ ተፈቀደለት። መምህራቸው ሁለቱንም ፈተናቸው። ለፈተናው የመረጠው ቦታ፣ አይ መዓት፣ የገጹ የመጨረሻ መስመር ሆኖ አረፈው! ታናሿ እዚያ ስትደርስ ተደናቀፈች። ታላቋ አለፈች።

"መቼ ተጫውቼው አውቅና ነው?" አለች ታናሿ እቤት እንደገባች። "እዚያ ጋ ስንደርስ እኮ ለእትዬ ገጽ እየገለጥኩ ነው!"

"ታዲያ እኔ ምን ላርግሽ?" አለቻት ታላቋ።

ከዚያ ወዲያ ተኮራረፉ። ጎን ለጎን ተቀምጠው እንኳ "እማዬ፣ ጨው አቀብዪኝ በያት" ይሉኛል። አንድ ነገር ግን አልቀረም። ታላቋ ልምምድ ስትጀምር ታናሿ ሳትጠራ ትመጣለች፤ እንዳኮረፈች አጠገቧ ትቆማለች፣ ገጹ ሲያልቅ ትገልጣለች፣ ሲያበቃ ውልቅ ብላ ትሄዳለች። እኔ ሞኟ፣ ሊታረቁ ነው ብዬ በሆዴ ደስ ይለኝ ነበር።

የውድድሩ ቀን አዳራሹ ከየአገሩ በመጡ ልጆችና ወላጆች ጢም ብሏል። ታላቋ መድረኩ ላይ ብቻዋን ወጣች። ኧረ እንዴት አድርጋ ተጫወተችው! ከፊቴ የነበረው ሰውዬ እንኳ ስልኩን ኪሱ ከተተ። ከዚያ ገጹ አለቀ። ልጄ ደጋኗን ክሩ ላይ እንዳስቀመጠች ዝም ብላ ጠበቀች። ማንም ወደሌለበት ጎኗ ዞር ብላ አየች። አጠገቤ የተቀመጠችው ታናሿ እጇ ከጭኗ ላይ ብድግ አለና ባዶ አየር ገለጠ።

ታላቋ ስትባንን በድንጋጤ ሁለት ገጽ አንድ ላይ ገለጠች። ከዚያ በኋላማ ምኑ ይወራል። ዳኞቹ በትሕትና አመስግነው አሰናበቷት።

ኮሪደሩ ላይ ታናሿ ሮጣ አቀፈቻት። "ብቻሽን ገልጠሽ እንደማታውቂ እንዴት ሳላስበው ቀረሁ፣ እትዬ?" ብላ አለቀሰች።

"አንቺን ምን ያስለቅስሻል? ያን መስመር አንድ ቀን እንኳ ተጫወቺው ያላልኩሽ እኔ ነኝ እንጂ!" አለቻት ታላቋ።

በማግስቱ ከጓዳ ብቅ ስል ታላቋ በውስጥ በኩል ተቀምጣለች። "ዛሬ እኔ ነኝ የምገልጥልሽ" አለቻት። ታናሿ ያን ሁሉ ጊዜ አኩርፋ ስትቆም በጆሮዋ ይዛው ኖሯል፤ የመጨረሻውን መስመር አንዴም ሳትደናቀፍ ተጫወተችው። የሰማናት ግን እኔና እህቷ ብቻ ነን።