ጎባ ጣሪያ ላይ የቀሩት ሁለት መስታወቶች

ጫሊ ለምርምር ሥራ ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ ለሀዋኒ የተወላት ቀለበት አይደለም፤ መዳፍ መዳፍ የሚያክሉ ሁለት ጥቁር መስታወቶችን ነው። ከልብስ ስፌት ቤቷ ቆርቆሮ ላይ አስሮ አስረዳት። ሁለቱም ከፀሐይ መብራት የሚያወጣ፣ ፔሮቭስካይት የሚባል ስስ ቅብ አላቸው። ቅቡ ርካሽ ነው፤ ጠላቱ ግን እርጥበት ነው፤ ሲገባበት ቢጫ ሆኖ ይሞታል። በቀኙ ላይ ጫሊ እርጥበቱን እንዲችለው የሚያደርግ ጨው ጨምሯል። በግራው ምንም የለም።

«ቀኙ የጎባን ዝናብ እንደጠቆረ ከተሻገረ ፋብሪካ በብዛት ያመርተዋል» አላት። «ማምረቻው እዚሁ አጠገባችን ሮቤ ይሁን ብዬ ይዤው እመጣለሁ።»

ሀዋኒ ከዚህ ሁሉ የያዘችው «እመጣለሁ» የምትለዋን ነው። ምን ታድርግ!

ቅዳሜ ቅዳሜ መሰላል ወጥታ ፎቶ ትልክለታለች። ጎረቤቷ እትዬ ሸዋርጋ ከአጥር ማዶ አንገታቸውን ያሰግጋሉ።

«ደግሞ ወጣሽ? ሰው እጮኛውን በር ላይ ይጠብቃል፤ አንቺ ጣሪያ ላይ!»

«ገና አልታጨሁም፣ እትዬ።»

«እሱን እኮ ነው የምልሽ!»

ሐምሌ መጨረሻ ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድብ ጀመር። አንድ ጠዋት በረዶ ሲቀላቀልበት ሀዋኒ አልቻለችም። አባቷ የስንዴ ክምር የሚያለብሱበትን ላስቲክ ይዛ ወጣች፤ ሁለቱንም ሸፍና ጠርዙን በድንጋይ አስያዘችው። ያደገችው የለፉበት ሲረጥብ ቆመው በማያዩ ሰዎች መሀል ነው። ከዚያ ወዲህ ለፎቶ ትገልጣለች፣ መልሳ ታለብሳለች።

ጳጉሜ ላይ ጫሊ ደወለ።

«አከም ጂርታ፣ ሀዋኒ?»

«ደህና ነኝ። ቀኙን አየኸው? አሁንም ከሰል ነው!»

«ግራውስ?»

«ግራውም!» አለች በኩራት።

«ግራው እኮ ጨው የለበትም። በሁለት ሳምንት መሞት ነበረበት። ጎባ ዝናብ አቆመ እንዴ?»

«ተሳስተህ ግራውም ላይ ጨው ጨምረህ ይሆናል» ብትለው ምናልባት ያምናት ነበር፤ ምናልባትም ይመጣ ነበር። ከዚያስ? ስንቱ መስታወት በየሰዉ ጣሪያ ላይ ቢጫ ሲሆን የሚያፍረው እሱ ነው።

«ላስቲክ አልብሻቸው ነው» አለች። «እንዳይሞቱብኝ... አንተም እንዳትቀርብኝ ብዬ።»

ጫሊ ሳቀ፤ ሳቁ ግን መሀል ላይ ተቆረጠ።

«እንግዲህ የክረምቱ አምልጦናል፤ ከዛሬ ጀምረን እንቆጥራለን። የበልጉ ዝናብ እስኪያልቅ።»

«እስከ ግንቦት አትመጣም?»

«እስከ ግንቦት።»

ስልኩን ዘግታ ወጣችና ላስቲኩን ገፈፈችው።

በሁለተኛው ቅዳሜ ግራው ከጠርዙ ቢጫ ሆኖ ጠበቃት። ቀኙ ጥቁር ነው፤ የዝናቡ ጠብታ ፊቱ ላይ ይንከባለላል። ፎቶውን ላከች። ካፊያው ቀሚሷን ሲያበሰብስ እንኳ ከመሰላሉ አልወረደችም፤ ዓይኗ በሮቤ መንገድ ላይ ቀረ።

«ውረጂ እንጂ ልጄ!» አሉ እትዬ ሸዋርጋ። «እሱ አንቺን ጨው አልቀባሽም!»

ሀዋኒ ሳቀች። ግን ሳትወርድ ትንሽ ቆየች።