በሰከላ ሜዳ ላይ የቆመችው ድንኳን

እህተ ማርያም ትዳሯ ከሰመረላት ወዲህ አንድ የጎደላት ነገር ቢኖር የአባቷና የባሏ ወግ ነበር። አባቷ መሪጌታ ክንፈሚካኤል ፈረስ ቤት ላይ ቅኔ ሲያስተምሩ የሸበቱ ሊቅ ናቸው፤ ባሏ ተስፋው ደግሞ የፍኖተ ሰላም ትምህርት ቤት አስተማሪ። አይጣሉም። ግን ገበታ ላይ ሲገናኙ ሁለቱም ከእሷ ጋር እንጂ እርስ በርስ አያወሩም።

በግንቦት መሪጌታ የጉልበት ሕመም ጠናባቸውና ግሽ ዓባይ ሄደው ሊጠመቁ ተነሡ። ተስፋውና እህተ ማርያምም አብረዋቸው ወጡ። እስከ ቡሬ በመኪና፣ ከዚያ ወዲያ መሪጌታ በበቅሎ፣ ባልና ሚስቱ በእግር ሆነ። ተስፋው በጀርባው አንዲት ትንሽ ጥቅል አንግቷል፤ የሰላም ጓድ አስተማሪ የነበረ ወዳጁ ወደ አገሩ ሲመለስ የተወለት ድንኳን ነው።

መሪጌታ ከበቅሏቸው ላይ ሆነው ጨርቁን በሁለት ጣታቸው ዳሰሱት።

«ይቺ ናት ድንኳን? የሽንኩርት ልጣጭ መስላኝ።»

«ጥቅሟ ቀላል መሆኗ ነው፣ መሪጌታ።»

«ገለባም ቀላል ነው፤ ነፋስ ይወደዋል።»

እህተ ማርያም ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች።

ሰከላ ሊደርሱ ሲሉ፣ ቤትም ዛፍም በሌለበት ሜዳ ላይ ሰማዩ ጠቆረ። ነፋሱ ቀድሞ መጣ። ተስፋው ድንኳኗን ቶሎ ዘረጋ፤ ግን በጥድፊያ ሰፊ ጎኗን ለነፋሱ ሰጥቶ ኖሮ ገና ተክሎ ሳይጨርስ መሬት ላይ ተነጠፈች። ነቅሎ አዞራት። ዝቅ ያለውን ጀርባዋን ወደ ነፋሱ፣ በሯን ወደ ወዲያኛው አድርጎ ገመዶቿን ወጠረ፤ እህተ ማርያም ካስማዎቹን በድንጋይ እየመታች ተከለች።

መሪጌታ ግን አልገቡም። ከሣር የተጎነጎነ ገሳቸውን ደርበው ከበቅሏቸው ጎን ቆሙ።

«እኔ ክረምቱን ሁሉ ያለፍኩት በዚህ ነው» አሉ።

በረዶው እንደ ሽምብራ ጀመረና ሎሚ አከለ። አንድ ብርቱ ነፋስ ገሳውን ከትከሻቸው ገፎ ወሰደው። እህተ ማርያም ከመነሣቷ በፊት ተስፋው ወጥቶ ነበር፤ ጋቢውን ራሳቸው ላይ ጣለና አቅፎ አስገባቸው።

ለሁለት ሰው በተሠራች ድንኳን ሦስት ሆነው ጉልበት ለጉልበት ተጋጠሙ። ጨርቁ እስከ ፊታቸው ጎብጦ ይመጣል፣ ተመልሶ ይነሣል።

«ልትቀደድ ነው» አሉ መሪጌታ።

«ካገዝናት ትችለዋለች። ያንን ምሰሶ ይያዙልኝ።»

መሪጌታ የፊቱን ምሰሶ በሁለት እጃቸው ጨበጡ፤ ተስፋው የኋላውን። እህተ ማርያም ጣሪያው ላይ የሚከመረውን በረዶ ከውስጥ በመዳፏ እየመታች አራገፈችው። ወዲያው አንዱ ካስማ ተነቀለና ጣሪያው ረገበ። የሁለቱም እጅ ተይዟል። እሷ ወጣች። በረዶው ጀርባዋን እየቀጠቀጣት ካስማውን መልሳ ተከለች፣ ትልቅ ድንጋይ ጫነችበትና ጣቶቿ ቀልተው ተመለሰች።

«አይሰበርም ወይ ይሄ ብረት?» አሉ መሪጌታ። አባቷ ተስፋውን ከልባቸው ሲጠይቁት እህተ ማርያም ለመጀመሪያ ጊዜ መስማቷ ነው።

«ገመዱ ይይዘዋል። ነፋሱ ሲገፋት ትንሽ ትሸሻለች፣ ከዚያ ትመለሳለች። ግትር ብትሆን ነበር የምትሰበረው።»

«የቅኔ ቤት ተማሪ ናታ። የኔታ ሲቆጡ ጎንበስ፣ ዘወር ሲሉ ቀና።»

ተስፋው ሳቀ። «እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ዘመናዊ ትምህርት ቤት ሳልገባ ቅኔ ቆጥሬአለሁ፣ አዴት አጠገብ።»

«አንተ?»

«ከመጀመሪያዋ ከጉባኤ ቃና አላለፍኩም። ከዚያ አባቴ ሞቱና ተውኩት።»

«ምነው እስከ ዛሬ ሳትነግረኝ?»

«አልጠየቁኝም።»

 «እስቲ የቆጠርከውን በል» አሉት መሪጌታ። ተስፋው እየተጠራጠረ የቅኔውን አንድ ቤት አለ፤ ሁለተኛው ላይ ተሳሳተ። መሪጌታ አረሙት። ደግሞ አለ፤ ደግሞ አረሙት።

እህተ ማርያም ጨርቁ ላይ የሚወርደው የበረዶ ድምፅ መቆሙን አስተዋለች። ወለሉ ረጥቧል፣ አንደኛው ስፌት የእጅ መዳፍ ያህል ተተርትሯል፤ ድንኳኗ ግን ቆማለች። ሁለቱ ሰዎች ምሰሶዎቻቸውን አልለቀቁም፤ አንድ ቃል ይዘው ይከራከራሉ። ወሬያቸውን ላለማቋረጥ ቀስ ብላ ወጣች።

ሜዳው ነጭ ሆኗል። በቅሎዋ ጀርባዋን ለነፋሱ ሰጥታ እንደቆመች ከገላዋ ላይ እንፋሎት ይነሣል። እህተ ማርያም ከበቅሎዋ ጀርባ በረዶውን በእጇ ጠረገችላትና፣ ሙቀቷን ተጠግታ ከድንኳኑ የሚመጣውን ክርክር እያዳመጠች ቆመች። የሚቸኩል ሰው አልነበረም።