ኮፍያ ያደረገው ዱቄት

እናቴ የልጅ ልጇን ደረጃ ላይ ጥላ «ተዪው፣ ሌላ አለ» አለች ተብሎ በሕንፃው የተወራው ነጭ ውሸት ነው። እሺ፣ «ተዪው፣ ሌላ አለ» ብላለች። የወደቀም ነገር አለ። እኔም አጠገቧ ቆሜ አጨብጭቤያለሁ። ግን ነገሩ እንዲያ አይደለም፤ ሰው ከማውራቱ በፊት ቢጠይቅ ምን ይጎድልበታል?

እኔ የስፖርት አሠልጣኝ ነኝ። የምሠራበት ጂም ከቤት ዕቃ መሸጫ በላይ ነው፤ እኛ ብረት በጣልን ቁጥር ከታች ያሉት ሻጮች ቁም ሳጥን የተደረመሰ እየመሰላቸው ብድግ ይላሉ። ደንበኞቼ «ሳጅን» ይሉኛል። ይበሉኝ! እኔ ጋ የመጣ ሰው በመጀመሪያው ቀን ብረት አይነካም። መሬት ቁጭ በል፣ አሁን እጅህን ሳትጠቀም ተነሣ እለዋለሁ። «እኔ የመጣሁት እኮ ጡንቻ ላወጣ ነው» ይለኛል። ወንድሜ፣ መጀመሪያ ከመሬት ተነሣና ጡንቻህን እናወራለን። ሁለተኛው ሕጌ ደግሞ እንዲህ ይላል፦ ክብደቱ ካቃተህ ጣለው። ብረት ቢወድቅ ብረት ነው፤ ወገብህ ግን ሱቅ ውስጥ አይሸጥም። ይቺን ሕግ ልብ በሉልኝ፣ ጉድ የሠራችኝ እሷ ናት።

አብሮኝ የሚሠራው አሠልጣኝ «ደረቱ» ይባላል፤ ከእሱ ቀድሞ የሚገባው ደረቱ ስለሆነ። መስታወቱ ላይ «ካላመመህ አልሠራህም» የሚል ወረቀት ይለጥፋል። እኔ እገነጥላለሁ፣ እሱ ይለጥፋል። ካመመህማ ሐኪም ቤት ሂድ እንጂ እኛ ጋ ምን ትሠራለህ!

ታላቅ እህቴ እቴቴ ስትወልድ እናቴ በደስታ ልታብድ ምንም አልቀራት። የመጀመሪያ የልጅ ልጇ ነው፤ ደግሞ እንዴት ያለ ልጅ መሰላችሁ፣ ጉንጩ ብቻውን ራሱን የቻለ ሰው ነው። ችግሩ፣ እናቴ ባለፈው ዓመት መታጠቢያ ቤት አዳልጧት ወድቃ እጇ ተሰብሮ ነበር። አጥንቱ ድኗል፣ ፍርሃቱ አልዳነም። ከዚያ ወዲህ ግድግዳ እየዳበሰች ነው የምትሄደው። መኖሪያዋ ደግሞ ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ አሳንሰር የሚባል ነገር የለም። እቴቴ ፋርማሲስት ናት፤ ጥንቃቄዋ ለብቻው ደመወዝ ሊከፈለው ይገባል። ልጁን ለእናቴ የምትሰጣት ሶፋ ላይ አስቀምጣት፣ ግራና ቀኝ ትራስ ደግፋ፣ ፊቷ ቆማ እየጠበቀች ነው።

አንድ ቀን እናቴ ትራሶቹ መሃል ልጁን ታቅፋ ሳለ እቴቴ ዱብ ዕዳውን አወረደችው።

«የወሊድ ፈቃዴ ሊያልቅ ነው። ሞግዚት አግኝቻለሁ።»

«ሞግዚት? ለማን?» አለች እናቴ።

«ለልጁ ነዋ።»

«እኔ ሞቻለሁ እንዴ?»

«እማ፣ ቆመሽ እንኳ ልትይዢው አትችዪም። ድንገት ቢታመምብሽ ይዘሽው ደረጃውን ትወርጃለሽ?»

እናቴ የልጁን ብርድ ልብስ አጠባበቀች። እቴቴ ልጇን ይዛ እንደወጣች ግን ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ። ስንት ጉልበተኛ ደንበኛ አለኝ፣ እንዲያ አድርጎ የጨበጠኝ ሰው አላውቅም።

«አንቺ የሰው እግር ስትሠሪ አይደል የምትውይው?» አለችኝ። «በይ የኔንም ሥሪልኝ። ሞግዚቷ ሳትመጣ ይቺን ደረጃ ልጁን ይዤ እወርዳለሁ።»

ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር። ሳጅን ግን አታለቅስም፣ «ነገ ጠዋት ስሊፐር እንዳታደርጊ» ብዬ ወጣሁ።

ከወንበር በመነሣት ጀመርን። ተቀመጪ፣ ተነሺ፣ እጅ የለም! እጇ ሳታስበው ወደ ጠረጴዛው ይሄዳል። «እጅ የለም አልኩ!»

«እናትሽ ላይ ነው እኮ የምትጮኺው!»

«እናቴ ቤቷ ናት። እዚህ ያለሽው ደንበኛዬ ነሽ!»

ያለነው እሷው ቤት መሆኑ ትዝ ሲለን ሁለታችንንም ሳቅ ገደለን፤ የዚያን ቀን ልምምድ በዚያው ተበላሸ።

እግሯ ጠንከር ሲልላት ክብደት ያስፈልገን ጀመር። አንድ ከረጢት ውስጥ ልጁን የሚያህል ዱቄት ሞላሁና በሕፃን ብርድ ልብስ ጠቀለልኩት። በማግስቱ ስመጣ ዱቄቱ ኮፍያ አድርጎ ጠበቀኝ። ቢጫ፣ ጆሮ ያለው ኮፍያ።

«እማ፣ ዱቄት ይበርደዋል እንዴ?»

«ጭንቅላቱ በየት በኩል እንደሆነ ሳላውቅ እንዴት ብዬ ልደግፈው?»

ስንት ዓመት ሠርቼ ይህ አልመጣልኝም። እቴቴ ልጁን መዝና «ጨመረ!» ባለች ቁጥር እኛም ከረጢቱ ላይ ዱቄት በብርጭቆ እንጨምራለን። ልጁ ቀስ እያለ ይከብዳል፣ ዱቄቱ ቀስ እያለ ይከብዳል፣ እናቴ ቀስ እያለች ትጠነክራለች። ደረቱ ኮምፒውተር ላይ ተጥዶ የሚያወጣውን ፕሮግራም አንድ ጡት የሚጠባ ልጅ አስከነዳው።

ምግቡ ላይ ግን ጦርነት ነበር። እናቴ ለሰው ስታቀርብ ኖራ እሷ በሻይና በዳቦ የምትውል ሰው ናት። እንቁላል ሳቀርብላት «እናንተ ብሉ፣ ለእኔ ምን ያደርግልኛል» ትላለች። እግር ያደርግልሻላ! ከሻይ ጡንቻ ሲሠራ ማን አየ? ባቄላውን፣ ወተቱን፣ እንቁላሉን እየተጨቃጨቅን አስለመድኳት። አስለመድኳት ስል ታዲያ አንድ ከሰዓት ስገባ ወንበር ጨብጣ፣ ፊቷ አመድ መስሎ አገኘኋት።

«ምን በላሽ?»

«በልቻለሁ።»

«መቼ?»

«ትናንት... ምሳ።»

ለካ ስልኳ ላይ የደረቱን ቪዲዮ አግኝታ ኖሯል። «ባዶ ሆድ ጡንቻን ያነቃል» ይላል። «ይህን የመሰለ ደረት ይዞ ይዋሻል ብዬ ነው?» አለችኝ። ደሜ ፈላ። ሾርባ አጠጥቼ፣ ፊቷ መለስ እስኪል ጠብቄ፣ ጂም ሄጄ ደረቱን በካናቴራው ይዤ አመጣሁት። በራፉ ላይ ደረቱ ገባ፣ ቀጥሎ ራሱ ገባ።

«በል፣ የነገርካቸውን ሰዎች በዓይንህ እያቸው!» አልኩት።

እናቴ ከላይ ወደ ታች አየችው። ታች ስትደርስ ደነገጠች።

«ልጄ፣ እግርህን ምን ነካው?»

ደረት ብቻ ሲሠራ የኖረ ሰው እግሩ ምን ይሆናል፣ መጥረጊያ እንጨት ነው። መሬት አስቀመጠችው፣ ዱቄቱን አሳቀፈችው፣ የኔን ድምፅ አስመስላ «እጅ የለም! ተነሣ!» አለችው። ወደ ግራ ሞከረ፣ ወደ ቀኝ ሞከረ፣ መጨረሻ ላይ ዱቄቱን እንዳቀፈ በጀርባው ተዘረረ። እናቴ አዘነችለት። እንቁላል ቀቅላ ከነአስኳሉ አበላችው፣ «ራትህንም እዚሁ ብላ» አለችው፣ በላ። በማግስቱ መስታወቱ ላይ ወረቀት አልነበረም፤ ደረቱም ጥግ ይዞ ወንበር ላይ ሲቀመጥና ሲነሣ አየሁት። ያላየሁ መስዬ አለፍኩ። ሳቄን ግን መጸዳጃ ቤት ገብቼ ነው የጨረስኩት።

ከዚያ ወደ ደረጃው ወጣን። እናቴ ዱቄቷን ታቅፋ፣ እኔ አንድ እርከን ከታች ሆኜ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ይኖራሉ፤ ጨዋ ሰው ናቸው፣ ትንሽ ቶሎ ይደነግጣሉ እንጂ። ልክ አስቤዛቸውን ይዘው ሲወጡ እናቴ እርከን ስታ ተንገዳገደች።

«ጣዪው!» ብዬ ጮኽኩ።

ጣለችው። መደገፊያውን ጨበጠች፣ ቀጥ ብላ ቆመች። ዱቄቱ እየተንከባለለ ወርዶ ዳይሬክተሩ እግር ሥር ሲደርስ ፈነዳ። ኮፍያው ጫማቸው ላይ አረፈ። እኔ በደስታ እጄ እስኪቃጠል አጨበጨብኩ። «ጎበዝ! እንዲህ ነው የሚጣለው!» ዱቄቱን ላነሣ ወርጄ ጎንበስ ስል እናቴ ከላይ፣ በኩራት፣ «ተዪው፣ ሌላ አለ!» አለች። ዳይሬክተሩ ከፀጉራቸው እስከ ጫማቸው ነጭ ሆነው አንዴ እሷን አንዴ እኔን አዩን። አስቤዛቸውን እዚያው ትተው ቤታቸው ገብተው ቆለፉ።

ደወሉላት ለእቴቴ። «ልጄ፣ ጠንከር በዪ፣ እናትሽ ልጅሽን ደረጃ ላይ ጣሉት» አሏት። እቴቴ ልጇን እያጠባች ነበር። «የትኛውን ልጅ?» አለች።

መጣች። ስናስረዳት ሳቀች፣ ግድግዳ ተደግፋ እስኪያማት ሳቀች። ከዚያ ድንገት ሳቋ ቆመ።

«እና እማ ልጄን ይዛ ስትንገዳገድም ‹ጣዪው› ልትዪያት ነው?»

ብረት የለመደ ጭንቅላቴ! ስንት ዓመት ሰው ሁሉ እንዲጥል ሳስተምር ኖሬ፣ ልጅ እንድትይዝ የማሠለጥናትን ሴት መጣል አለማመድኳት። እናቴ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

«ዱቄት መሆኑን ስለማውቅ ነው እኮ የጣልኩት» አለች።

«አላሰብሽበትም፣ እማ። እጅሽ ነው የጣለው» አለች እቴቴ። ድምፅዋ ክፋት አልነበረውም፣ እሱ ነው የባሰው። «ሞግዚቷ ሰኞ ትጀምራለች።»

ያን ቀን እቤቴ ገብቼ ራሴን ስረግም አመሸሁ። በማግስቱ ገና ሳልነቃ ስልኬ ጮኸ። እናቴ ናት።

«ሳጅን» አለችኝ። እሷ እንዲያ ብላኝ አታውቅም። «ካልጣልን ምንድን ነው የምናደርገው?»

ቁጭ! ሌላ ምን አለ? ከተንገዳገድሽ ያለሽበት እርከን ላይ ቁጭ። አንድ እጅ መደገፊያው ላይ፣ አንድ እጅ ልጁ ላይ፣ መቀመጫሽ ወደ ኋላ። አዲስ ዱቄት ሞላን፣ ኮፍያውን አጠብነው፣ ቀኑን ሙሉ ወጣን ወረድን። እሷ ሳታስብ ድንገት «ቁጭ!» እላለሁ፣ እሷ ቁጭ ትላለች። አንዴ ዳይሬክተሩ ከበስተጀርባችን ሲመጡ እሳቸውም ደንግጠው ቁጭ አሉ። ይቅርታ ጠየቅናቸው፤ ግን በደንብ ነው የተቀመጡት፣ አመሰገንኳቸው።

እሑድ እቴቴ ልጁን ይዛ መጣች። እናቴ ሶፋው ላይ ያሉትን ትራሶች አንሥታ አልጋ ላይ ወረወረቻቸው።

«አምጪው» አለች። «ቆሜ ነው የምቀበለው።»

እቴቴ አየችኝ። ራሴን በእሺታ ነቀነቅሁ። ሰጠቻት። ልጁ ተኝቷል። እናቴ ቢጫውን ኮፍያ አጠለቀችለት፣ ደረቷ ላይ አስጠጋችው፣ መደገፊያውን ይዛ መውረድ ጀመረች። እቴቴ ማየት ስላልቻለች ቀድማ ታች ወርዳ ዓይኗን ሸፈነች። እኔ አንድ እርከን ከታች፣ ፊቴን ወደ እናቴ አድርጌ፣ ወደ ኋላ እወርዳለሁ።

ሁለተኛ ፎቅን እንዳለፍን ከኋላችን አንድ በር ብርግድ አለ። ዳይሬክተሩ ቢጫውን ኮፍያ አዩ።

«ኧረ በሕግ! አሁንም?» ብለው ጮኹ።

እናቴ ደነገጠች። እግሯ ተንሸራተተ። የኔ አፍ፣ ይቆረጥና፣ በልማዱ «ጣ...» አለ።

እናቴ ግን ቁጭ ብላለች። ገና አፌን ስከፍት ቁጭ ብላለች፣ ቀጥ ብላ፣ አንድ እጇ መደገፊያው ላይ፣ ሁለተኛ እጇ ልጁ ጭንቅላት ላይ። ልጁ ከንፈሩን መጠጥ መጠጥ አድርጎ እንቅልፉን ቀጠለ። የወደቅኩት እኔ ነኝ። ልይዛት ስወረወር እርከን ስቼ በመቀመጫዬ ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ እያልኩ እቴቴ እግር ሥር ደረስኩ።

እናቴ ከላይ አየችኝ።

«እኔ ጋ ብትመጪ አሠለጥንሻለሁ» አለች።

ከዚያ ልጁን በሁለት እጇ አቀፈች፣ መደገፊያውን ሳትነካ ብድግ አለች፣ መደገፊያውን ያዘችና ቀሪውን ደረጃ ወረደች። ዳይሬክተሩ ከላይ ሆነው አጨበጨቡ። እኔ መሬት ተዘርግቼ እየሳቅኩ አለቅሳለሁ፣ የቱ የቱ እንደሆነ አላውቅም።

እናቴ እቴቴ ፊት ስትደርስ ቆመች። እቴቴ ልጇን ልትቀበል እጇን ዘረጋች። እጇ አየር ላይ ትንሽ ቆየ። ከዚያ መለሰችው።

«እማ፣ ነገ ስንት ሰዓት ላምጣው?»

እናቴ የልጁን ኮፍያ አስተካከለች።

«ልምምዴን ስጨርስ» አለች።