ከላያችን ያለው ውሃ

ውሃ ሲመጣ ሕንፃው በሙሉ በደስታ ይጮኻል፤ እኔ እፈራለሁ። ደርቆ የከረመው ቧንቧ ፍስስ ሲል ልጆች ደረጃውን እየዘለሉ "መጣ! መጣ!" ይላሉ፣ ባልዲው ይንኳኳል። እኔ መቀሴን አስቀምጬ ጣሪያዬን አያለሁ። ከእኔ በላይ የምትኖረው ዳቦ ጋጋሪ ሳሎኗ ውስጥ ትልቅ የውሃ ታንከር አላት፤ እሱ ሲሞላ የእኔ ጣሪያ ቀጭን ድምፅ ያሰማል። ሰው "ላም አለኝ በሰማይ" ይላል፤ እኔ ያለኝ ወንዝ ነው።

ከዚያ ጣሪያ ሥር እናቴ ተኝታለች። ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ ብቻዋን አትነሳም። ቤታችን አንድ ክፍል ነው፤ በአንድ በኩል የስፌት መኪናዬና የደንበኞቼ ጨርቅ፣ በሌላው የእሷ አልጋ። መጀመሪያ ያየሁት ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ ነበር። አልጋዋን ወደ በሩ ገፋሁት፤ ስንጥቁም ቀስ እያለ ተከተለን። አሁን ጣት ያስገባል። ጧት ጧት ከብርድ ልብሷ ላይ ኖራ እያራገፍኩ ነው የምቀሰቅሳት።

"አትፍሪ ልጄ" ትለኛለች። "ሞት በበር ሲገባ እንጂ ከላይ ሲወርድ አይቼ አላውቅም።"

ታዲያ ወጥተሽ አትነግሪያትም ወይ ትሉኝ ይሆናል። ጋጋሪዋ በየማለዳው ከዚያው ታንከር አንድ ጄሪካን ቀድታ ደጃፌ ላይ ታስቀምጥልኛለች። ጠይቄያት አላውቅም። እናቴን የማጥበው በእሱ ነው። የሰው ውሃ እየጠጡ "ታንከርሽን አንሺ" እንዴት ይባላል? ደረጃ ላይ ባገኘኋት ቁጥር ነገሩ አፌ ድረስ ይመጣና "እግዜር ይስጥልኝ" ሆኖ ይወጣል። ይሉኝታ ይገድላል ሲሉ ቀልድ ይመስለኝ ነበር።

ፊት ለፊት ስላልደፈርኩ ዞሬ የቤቶች ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። መስኮቱ ውስጥ ያለው ሰውዬ ከስልኩ ቀና ሳይል "ወድቋል?" አለኝ።

"ኧረ ገና ነው!"

"እንግዲያው እኛን አይመለከትም። ስንጥቅ የነዋሪው ኮሚቴ ሥራ ነው። ሲወድቅ ነይ።"

"ሲወድቅ በምን እግሬ ልምጣልዎት?"

ተሰላፊው ሳቀ። እኔ "እርስዎ" ስለው "ነይ፣ ሂጂ" የሚለኝ ይሄ ልጅ ዕድሜው ከታናሽ ወንድሜ አይበልጥም። "ቀጣይ!" አለ።

የኮሚቴው ሊቀመንበር የመጨረሻው ፎቅ ላይ ነው። ያነጋገረኝ የራሱን ታንከር ተደግፎ ነበር፣ ከሁሉም የሚበልጠውን። "ይሄ ወለል ዝሆን ይሸከማል" ብሎ በጫማው ደበደበው። ከወለሉ ሥር ሰው እንደሚኖር ትዝ ያለው አይመስልም።

ባለፈው ቅዳሜ አዲሱ መስመር ተጠናቀቀ፣ ከሰዓት በኋላ ጀምሮ ውሃ ሳይቋረጥ ይለቀቃል ተባለ። ሕንፃው በደስታ ሊፈነዳ ደረሰ። እኔ እናቴን ደግፌ ሻይ ላጠጣት ቀና አደረግኳት። ያኔ ጭንቅላቷ የነበረበት ትራስ ላይ ሳህን የሚያህል የጣሪያ ልስን ዱብ አለ።

ታንከሩ ሳይሞላ እንዲህ ከሆነ ሲሞላስ? እናቴን ከነፍራሿ እየጎተትኩ መተላለፊያው ላይ አወጣኋት። አንዱ ጎረቤት ባልዲውን እንደያዘ "መንገድ ዘጋችሁብን እኮ!" ብሎ ተሻግሯት አለፈ። ወደ ላይ ሮጥኩ።

ጋጋሪዋ ከፈተችልኝ። "እህቴ፣ ታንከርሽ እናቴን ሊገድልብኝ ነው!" አልኳት። ድምፄ የእኔ አይመስልም ነበር።

አፏን በእጇ ያዘች። "አውቃለሁ" አለች። "ወለሉ ረግቧል። ልጆቼን እዚህ ክፍል ማስተኛት ከተውኩ ቆየሁ።"

"ታዲያ ምነው ሳታነሺው?"

"እኔ እኮ ድሮ ትንሽ በርሜል ነበረችኝ። ይሄን ያስገባሁት እናትሽ ስትወድቅ ነው። ቢነሳ ለእናንተ የምቀዳው አይኖረኝም። በሽተኛ እናት ይዤ ውሃ ነፈገችኝ ትያለሽ ብዬ ፈራሁ።"

እናቴ "ዝም አይነቅዝም" ትላለች። እኔ ግን ሲነቅዝ አየሁት፤ የነቀዘው ጣሪያዬ ላይ ነው።

ሁለታችን ተያይዘን የታንከሩን ቧንቧ ከፈትን። ውሃው በበረንዳው በኩል ወደ ታች ፈሰሰ። "እናንተ ባለጌዎች! ሰው ውሃ አጥቶ እናንተ ትደፋላችሁ!" የሚል ስድብ ከግቢው መጣ። ይሳደቡ፣ አልኩ። ትንሽ ቀለል አለኝ።

አንገቴ ላይ ጠብታ አረፈ።

ቀና አልኩ። በእሷም ጣሪያ ላይ ያው ስንጥቅ፣ ከሥሩም የመታጠቢያ ሳፋ ተቀምጧል።

"ይሄስ?"

"አስተማሪው ነው፤ እሱም ታንከር አለው" አለችኝ በሹክሹክታ፣ የሚሰማት ይመስል። "ልጆቼን በነፃ ነው የሚያስጠናልኝ። በምን አፌ ልናገረው?"

ከአስተማሪው በላይ ደግሞ ሊቀመንበሩ አለ።

ጋጋሪዋ እጄን ጨመቅ አድርጋ ያዘችኝ። "አስተማሪውን አንቺ ንገሪው በናትሽ። አንቺ ከእሱ ምንም አልተቀበልሽም።"

እውነቷን ነው። ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለልኩ ወጣሁ። የአስተማሪው በር ጋ ሳልደርስ ግድግዳው ውስጥ ያለው ቧንቧ ፍስስ አለ። ከላይ ልጆች "መጣ! መጣ!" እያሉ ጮኹ፤ ከታችም፣ ከመተላለፊያው፣ የእናቴን ድምፅ ሰማሁ።

"ልጄ! መጣልን!"